ከፈተና ወረቀቱ ጀርባ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ይህን ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አልናገረውም። እኛ የሒሳብ አስተማሪዎች ጥያቄ ስናወጣ ከጥያቄው አንነሳም። ከመልሱ ነው የምንነሳው!

“ፋክተራይዝ አድርጉ” ተብሎ ቀ² + 7ቀ + 12 ሲመጣባችሁ ከሰማይ የወረደ ይመስላችኋል አይደል? የለም፣ የለም። እኔ አስቀድሜ ብጫቂ ወረቀት ላይ (ቀ + 3)(ቀ + 4) ብዬ ጽፌያለሁ። አባዛሁት፣ 4ቀ እና 3ቀን ደመርኳቸው፣ ቅንፎቹን ደብቄ የቀረውን ሰጠኋችሁ። የእናንተ ሥራ የደበቅኩትን ማውጣት ነው። አሻራዬ ደግሞ እዚያው አለ፦ ሲባዙ 12፣ ሲደመሩ 7 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች።

ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ልንገራችሁ? እጃችን እንዳመጣልን ብንጽፍ አብዛኛው እምቢ ይላላ! 12ን አንሱና በቦታው ከ1 እስከ 100 ያለውን ሙሉ ቁጥር ሁሉ በየተራ አስገቡ። በሙሉ ቁጥሮች ፋክተራይዝ የሚሆነው 6፣ 10 እና 12 ስታስገቡ ብቻ ነው። ከመቶው ሦስት! ስለዚህ ትእዛዙ ራሱ ሹክ ይላችኋል፤ ቅንፎቹ አሉ፣ ተደብቀው ነው እንጂ።

ምርጫዎቹስ? ጉዱ እዚያ ነው። የተሳሳቱት መልሶች ቦታ ለመሙላት የገቡ እንዳይመስሏችሁ፤ ከእናንተው ደብተር የተለቀሙ ናቸው። (ቀ + 3)² ሲባዛ ስንት ነው ብዬ ከጠየቅኩ፣ ቀ² + 9 ከምርጫዎቹ አንዱ እንደሚሆን እወቁ። መሃል ያለችውን 6ቀ የሚረሳ ተማሪ ሞልቷል። (ቀ + 6)/6ን አቃልሉ ስልም “6 በ6 ይጣፋል” ብሎ ቀን ብቻ የሚያስቀር አይጠፋም፤ ለእሱም መልስ አዘጋጅቼለታለሁ። የሚጣፋው የተባዛ እንጂ የተደመረ አይደለም! (6ቀ + 12)/6 ግን ሌላ ነው። ላዩ 6(ቀ + 2) ስለሆነ 6ቱ በ6 ይጣፋና ቀ + 2 ይቀራል። ፋክተራይዝ ማድረግን ከማቃለል በፊት የምናስተምረው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ይቺን ያዙልኝ። ስትጠራጠሩ በቀ ቦታ ቁጥር አስገቡ። 0ን ግን እንዳትነኩ! በ0 ከሞከራችሁ (ቀ + 3)²ም ቀ² + 9ም 9 ይሰጧችሁና ወጥመዴ ውስጥ ዘው ትላላችሁ። 2 አስገቡ፦ አንዱ 25፣ ሌላው 13። ተጋለጠ! እኩል ከመጡ ደግሞ ሌላ ቁጥር ጨምሩ፤ አንድ ምስክር አይበቃም።

ከዚህ በኋላ ወደ እኛ ወገን ተሻገሩ። ሁለት ቅንፎች ጻፉ፣ አባዙ፣ ቅንፎቹን ደብቁና ለአጠገባችሁ ተማሪ ስጡት። (ቀ − 5)(ቀ + 5)ን ብትመርጡ የሚወጣው ቀ² − 25 ብቻ ነው፤ −5ቀ እና 5ቀ ተጠፋፍተዋል። “መሃሉ የት ሄደ?” ብሎ ሲያፈጥባችሁ ቶሎ አትንገሩት፤ ትንሽ ይፈልግ።