ለሳቅ ጊዜ የሚሰጥ ፊልም

እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የፊልም ኢንስቲትዩት የአገሩን 100 ምርጥ ኮሜዲዎች ሲመርጥ አንደኛ የወጣው «ሳም ላይክ ኢት ሆት» ነበር። በ2017 ቢቢሲ የ52 አገሮችን 253 ሃያስያን ሲጠይቅም ያው ፊልም ቀዳሚ ሆነ። ቀልድ ቶሎ ያረጃል፤ አባቶችን ያሳቀ ነገር ልጆችን ዝም ሊያሰኝ ይችላል። በ1959 ለዕይታ የበቃ የጥቁርና ነጭ ፊልም ታዲያ እንዴት ይህን ያህል ጸና? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ሳቅ ራሱ ምን እንደሆነ ማየት ይበጃል።

ሳቅን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ፕሮቫይን፣ ሰው ከሌሎች ጋር ሲሆን ብቻውን ከሚስቀው 30 እጥፍ ያህል እንደሚስቅ አሳይተዋል። የሌላውን ሳቅ ስንሰማ የፊታችንን ጡንቻዎች ለሳቅ የሚያሰናዳው የአንጎላችን ክፍል ይነቃል፤ ሳቅ የሚጋባው ለዚህ ነው። በፊንላንድ የቱርኩ ተመራማሪዎች ደግሞ ከጓደኞቻቸው ጋር አስቂኝ ቪዲዮ ያዩ ሰዎችን አንጎል በምስል መርምረው፣ አብሮ መሳቅ ሕመም የሚያስታግሱና ደስታ የሚሰጡ ተፈጥሯዊ ንጥረ ነገሮችን እንደሚያመነጭ በ2017 አሳትመዋል። አብረው የሳቁ ሰዎች ለመቀራረብ የሚቀላቸው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ሳቅ እንዲህ የሚጋባ መሆኑ ለፊልም ሠሪው ከባድ ፈተና ነው። የመድረክ ተዋናይ አዳራሹ ሲስቅ ቆም ብሎ ይጠብቃል። ፊልም ግን አንዴ ከተቀረጸ አይጠብቅም፤ ሳቁ ከረዘመ ቀጣዩ ንግግር ሳይሰማ ያልፋል። ኮሜዲያኑ የማርክስ ወንድማማቾች በ1935 የወጣውን «ኤ ናይት አት ዚ ኦፔራ» ከመቅረጻቸው በፊት ዋና ዋና ትዕይንቶቹን በመድረክ ይዘው ከከተማ ከተማ ዞረዋል። ሰው ያልሳቀበትን ጣሉ፣ የሳቀበትን አስቀሩ፣ ሳቁ ምን ያህል እንደሚቆይም ለኩ።

የ«ሳም ላይክ ኢት ሆት» ዳይሬክተር ቢሊ ዋይልደር ያንኑ ችግር በሌላ መንገድ ፈታው። ጃክ ሌመን ከወሮበሎች ለማምለጥ ሴት መስሎ የተደበቀ ሙዚቀኛ ሆኖ ይተውናል። አንድ ሚሊየነር ያጨዋል፤ ሌመንም ዜናውን ለጓደኛው ይነግረዋል። ተመልካቹ «ሰውዬውን አታለልኩት» ይላል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሱ ግን ከልቡ ተደስቶ የጫጉላ ሽርሽሩ የት እንደሚሆን ያስባል። የጠበቅነው ባልጠበቅነው ሲተካ ሳቅ ይፈነዳል፤ ፈላስፋው ካንት በ1790 የጻፈውም ወደዚህ የቀረበ ነው። ዋይልደር ሌመንን ማራካስ፣ ማለትም እንደ ጸናጽል የሚንሿሿ መሣሪያ፣ አስያዘው። ሌመን አንድ ነገር ይናገራል፣ እያንሿሿ ይጨፍራል፣ ከዚያ ሌላውን ይናገራል። ጭፈራው ለተመልካቹ የተሰጠ የሳቅ ጊዜ ነው።

በእኔ እምነት የዚህ ፊልም ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። የቀልድ ብዛት ብቻውን ኮሜዲን ታላቅ አያደርገውም፤ ተመልካቹን አስቀድሞ ያሰበ፣ የአዳራሹን ሳቅ የፊልሙ አካል አድርጎ የቆጠረ ነው የሚዘልቀው። እንዲህ ያለውን ፊልም ብቻችንን በስልክ አይተን «አላሳቀኝም» ብንል ፍርዳችን ጎዶሎ ነው፤ ለብዙ ሰው የተሠራውን ያየነው ለብቻችን ነውና። የምንጊዜም አስቂኙን ፊልም መምረጥ የሚፈልግ ሰው ዕጩዎቹን ከቤተሰብ፣ ከጓደኛ ወይም ከጎረቤት ጋር ተሰብስቦ ይያቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ድምፅ ይታመናል።