ማረሻ ያሻሻለ ሰው በሕግ ምን ያገኛል?

ሐምሌ ሲገባ በአምበር ዙሪያ ያለው ዋልካ መሬት ውሃ ያቁራል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ገበሬ በማረሻው ፈሰስ ያወጣል፤ አለዚያም ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። በመላ አገሪቱ እንዲህ ያለው ጥቁር አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ ደጋው ላይ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ ሰብሉ መደቡ ላይ ይበቅላል፤ ዘሩም ክረምቱ ሳይወጣ መሬት ይገባል። መሣሪያው ግን ለበሬውም ለሰውየውም ከበደ። ከዓመታት በኋላ መለሰ ተመስገን (ዶ/ር) በተለመደው ማረሻ ላይ የሚገጠም፣ ቀለል ያለና «አይባር» የተባለ መሣሪያ ይዘው መጡ። በ2006 ዓ.ም. ለአፍሪካ የፈጠራ ሽልማት የመጨረሻ ዙር ከደረሱት አንዱ ሆኑ።

ሞፈሩ፣ ድግሩ፣ እርፉና ወገሉ ከአያት ቅድመ አያት የመጡ ናቸው። አዲሱ ነገር የተጨመረው ብረት ብቻ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ማሻሻያ ባለቤት ይኖረዋል?

ይኖረዋል። በግንቦት 1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ሕግ ነው። ለትልቁ ፈጠራ የ15 ዓመት ፓተንት ይሰጣል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ፓተንት ለማግኘት ነገሩ በዓለም ላይ አዲስ መሆን አለበት፤ በሙያው ያለ ሰው በቀላሉ የማይደርስበት መሆኑም ይታያል። ለአንድ የገጠር ከተማ በያጅ ይህ ከፍ ያለ ደረጃ ነው። ለእሱ የሚስማማው የአነስተኛ ፈጠራ ምዕራፍ ነው። እዚያ የሚጠየቀው ሥራው በኢትዮጵያ አዲስ መሆኑና የሚሠራ መሆኑ ሲሆን፣ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ምስክር ወረቀት ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ለሌላ 5 ዓመትም ይታደሳል። ከአዋጁ ሁሉ ለአገሬው ሰው የቀረበው ክፍል ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ፓተንቱን በአብዛኛው የሚወስዱት የውጭ አመልካቾች ናቸው፣ በግልጋሎት ሞዴሉ በኩል የሚሰለፉት ግን የአገር ልጆች።

አዋጁ ሌላም ብዙ አገር የማይገኝ ነገር አለው። በውጭ አገር ፓተንት ያለውን፣ እዚህ ግን ያልተመዘገበን ቴክኖሎጂ አምጥቶ ሥራ ላይ ለሚያውል ሰው እስከ 10 ዓመት የሚደርስ የአስገቢ ፓተንት ይሰጣል። ፈጣሪው ሌላ፣ ባለመብቱ ሌላ ማለት ነው። ግር ቢልም ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ በ1987 የነበረችው ኢትዮጵያ ከማንም በላይ የፈለገችው ማሽኑን አምጥቶ የሚያስነሳውን ሰው ነበር። ለዚህም ነው አስገቢው ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ቴክኖሎጂውን እየሠራበት መሆኑን በየዓመቱ እንዲያስረዳ የሚገደደው።

በተቃራኒው ከአገር የሚወጣውን ዕውቀት የሚጠብቅ ሕግ ዘግይቶ ነው የመጣው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ1996 ዓ.ም. በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ለአውሮፓ ፓተንት አመለከተ፤ በ1999 ተሰጠው። ከፓተንቱ ይዘት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ እህሉ ከታጨደ በኋላ ሳይፈጭ ለሳምንታት መቆየቱ ነው። የከረመ ጤፍ ከጎተራ እያወጣች የምታስፈጭ የጎጃም እናት ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን? በመካከሉ፣ በ1997፣ ኩባንያው ከኢትዮጵያ ጋር የጥቅም መጋራት ውል ተፈራርሞ ነበር። በ2001 ግን ከሠረ፤ ለኢትዮጵያ የደረሳት 4 ሺህ ዩሮ ያህል ብቻ ነው። ፓተንቱን በኅዳር 2011 በኔዘርላንድ ውስጥ ውድቅ ያደረገው የሔግ ፍርድ ቤት ነው፤ ያውም በሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች ሙግት። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ1998 ነው፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ።

ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ ምርምር ገንዘብም ይፈልጋል። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ከተቋቋመበት ከ1968 ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ ስም ደጋግሞ ተለዋውጧል፤ ዛሬ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ነው። በ2004 የወጣው ፖሊሲ ለሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ከአገር ውስጥ ምርት ቢያንስ 1.5 በመቶ እንዲመደብ አስቀምጦ ነበር። ዩኔስኮ የመዘገበው የምርምር ወጪ ግን በ2005 ገደማ 0.61 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ በ2009 አካባቢ ወደ 0.27 ወርዷል። በ2017 ደግሞ የስታርትአፕ አዋጅ ጸድቋል። ሶፍትዌር ለሚሠራው የከተማ ወጣት መልካም ዜና ነው፤ የ1987ቱ አዋጅ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከፓተንት ውጪ አድርጎታልና።

ከአምበር ሲታይ ትልቁ ችግር ወረቀቱ ነው። ለፓተንት የሚያመለክት ሰው ሥራውን ራሱ ለሕዝብ ካሳየ በኋላ አዲስነቱ ሳይነካ ለማመልከት ያለው ጊዜ 12 ወር ነው። ለገበያተኛው አሳይቶ፣ ሁለት ሦስት ሸጦ፣ ጎረቤቱ ሲቀዳበት የሚነቃ ባለሙያ ይህን የጊዜ ገደብ አያውቀውም። መግለጫው በቴክኒክ ቋንቋ መጻፍ አለበት፣ ንድፍ ይያያዛል፣ ማመልከቻውም ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አዲስ አበባ ይቀርባል። የምህንድስናም የሕግም ተማሪዎች ያሉት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። ተማሪዎቹ በየብየዳ ቤቱ እየዞሩ፣ የተሻሻለውን ማረሻና የእህል መውቂያ ለክተውና ስለው መግለጫውን ቢጽፉ፣ የመመረቂያ ሥራም ይሆንላቸዋል።