ልብ ውሃ ሲቋጥር

ልብ የሚመታው ድርብ ሽፋን ባለው ስስ ከረጢት ተጠቅልሎ ነው። በሽፋኖቹ መካከል በጤናማ ሰው ላይ ከ50 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ፈሳሽ አለ። ከረጢቱ ሲቆጣ ፔሪካርዳይተስ ይባላል፤ ውሃ መቋጠሩ ደግሞ ኢፊውዥን። ጋደም ሲሉ የሚብስ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ሲቀመጡ ቀለል የሚል ውጋት ካለ ከረጢቱን መጠርጠር ነው። እስከዚህ ድረስ የትኛውም የሕክምና ተማሪ ያውቀዋል።

የሚከብደው መነሻውን ማግኘት ነው። አውሮፓና አሜሪካ አብዛኛው በቫይረስ ይሳበባል፤ ምርመራውም ብዙ አይገፋም። እኛ ዘንድ ግን ቀድሞ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፣ በተለይ ኤችአይቪ ካለ። የኩላሊት ድካም፣ የታይሮይድ ማነስ፣ ሉፐስና ካንሰርም አይረሱም።

ውሃው በመርፌ ሲቀዳ የሁሉም ዓይን ቀለሙ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የአንዲት ታማሚ ወንድም ጠርሙሱ በቀይ ፈሳሽ ሲሞላ አይቶ፣ «ዶክተር፣ ካንሰር ነው አይደል?» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ነጭ ጋውን የለበሱትም ይህንኑ ይላሉ። ነገር ግን የቲቢ ውሃም ብዙ ጊዜ ደም የቀላቀለ ነው።

ሌላው ስህተት ይብሳል፦ «ፈሳሹ ውስጥ ጀርም አልታየም፤ ስለዚህ ቲቢ አይደለም።» ውሃውን የሚያበዛው በአብዛኛው የሰውነት ቁጣ እንጂ የጀርሙ ብዛት አይደለም። ጀርሙ ጥቂት ስለሆነ ማይክሮስኮፕ ያልፈዋል፤ የጀርሙን ዘረመል የሚፈልገው፣ በአክታ ላይ የሚመሰገነው የጂን ኤክስፐርት ምርመራም እዚህ ይስታል። ስለዚህ ዱካ መፈለግ ነው። ኤዲኤ የሚባለው ኢንዛይም በሊትር 40 ዩኒትና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናል፤ መግልና ሊምፎማም ከፍ ሊያደርጉት እንደሚችሉ ሳይዘነጋ።

ኤዲኤ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ለዚህ የደቡብ አፍሪካው የታይገርበርግ ነጥብ አሰጣጥ ይማርከኛል፦ ትኩሳት 2፣ የሌሊት ላብ 1፣ ክብደት መቀነስ 1፣ የደም ግሎቡሊን በሊትር ከ40 ግራም ከበለጠ 3፣ ነጭ የደም ሴል ከ10 ሺህ ካነሰ 3። ድምሩ 6 ከሞላ ወደ ቲቢ ያደላል። ነጭ የደም ሴል አለመጨመሩ እንደ ማስረጃ መቆጠሩን ልብ ይሏል! ተራ የደም ምርመራ ይህን ያህል ይናገራል።

ታዲያ የተቀዳውን ሙሉ ጠርሙስ ደፍቶ ለላብራቶሪ ጥቂት ጠብታ የሚልክ ሰው ያናድደኛል። ራጅ ላይ ልብ ሰፍቶ ስለታየ ብቻ «የልብ ድካም ነው» ብሎ ላዚክስ (ውሃ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት) የሚያዝማ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ውሃ የተጫነው ልብ የሚመለስለት ደም ሲቀንስበት ጭራሽ ይዳከማልና። መጀመሪያ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይታይ።

ቲቢ በበዛበት አገር፣ ማስረጃው ባይሟላም፣ መድኃኒቱ በጥርጣሬ ሊጀመር ይችላል። ታማሚው በሳምንታት ውስጥ ካልተሻለው ግን ፋይሉ እንደገና ይከፈት፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል።