ዘመኑ የማን ነው? ፕሮግራም ከብዙ መንገድ አንዱን ሲመርጥ

2018 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ ነው። በባሕረ ሐሳብ ስሌቱ አጭር ነው፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ ድምሩ ለ4 ይካፈላል፤ ከዚያ ቀሪው ይታያል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። የ2018 ድምር 7518 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል።

ፕሮግራም መጻፍ ለጀመረ ሰው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ቅድመ ሁኔታን ለመለማመድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በፓይተን የመጀመሪያው ጥያቄ በ«ኢፍ» ይገባል፦ ቀሪው 1 ከሆነ «ማቴዎስ» ጻፍ። ማርቆስና ሉቃስ በ«ኤሊፍ» ይከተላሉ፤ በጃቫና በሲ ይህ «ኤልስ ኢፍ» ተብሎ ይጻፋል። በአንድ ቅርንጫፍ ስር ከአንድ በላይ ትእዛዝ መስጠትም ይቻላል፤ ለምሳሌ በሉቃስ ስር «ጳጉሜን 6 ቀን ናት» የሚል መስመር ይጨመራል። የመጨረሻው «ኤልስ» ጥያቄ የለውም። ከላይ ያሉት ሁሉ ሳይሆኑ ሲቀሩ የሚሠራው እሱ ነውና ዮሐንስ እዚያ ይቀመጣል።

ኮምፒዩተሩ ከላይ ወደ ታች ይጠይቃል። «አዎ» የሚል መልስ እንዳገኘ የዚያን ቅርንጫፍ ትእዛዝ ይፈጽምና የቀሩትን ጭራሽ ሳያይ ያልፋል። በወንጌላውያኑ ስሌት ይህ ችግር አያመጣም፤ አንድ ቀሪ በአንድ ጊዜ 1ም 2ም ሊሆን አይችልምና ቅደም ተከተሉ ቢቀያየርም መልሱ ያው ነው።

በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን ቅደም ተከተል ሁሉን ይወስናል። ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ፌብሩዋሪ 29 ቀን ይኖረዋል፤ ለ100 ከተካፈለ ግን 28፣ ለ400 ከተካፈለ ደግሞ እንደገና 29። ሕጉን እንደተነገረው አድርገው ከ4 ጀምረው ከጻፉት፣ 1900 ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ያልፍና 29 ይባላል። ይህ ስህተት ነው። ለ100 የሚካፈል ቁጥር ሁሉ ለ4ም ስለሚካፈል የ100ው ጥያቄ «አዎ» የሚል መልስ ፈጽሞ አያገኝም። አሳሳቢው ነገር ፕሮግራሙ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳያሳይ መሥራቱ ነው። ስለዚህ ጠባቡ ይቅደም፦ መጀመሪያ 400፣ ቀጥሎ 100፣ ቀጥሎ 4፣ በመጨረሻ «ኤልስ»።

«ኤሊፍ» መሆን ያለበትን ሁሉ «ኢፍ» ማድረግም የተለመደ ስህተት ነው። ያኔ እያንዳንዱ ጥያቄ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ 2000ን ቢሰጡት 29፣ 28፣ 29 ብሎ ሦስት መልስ ያወጣል።

ሲፈትሹ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ዓመት ይስጡ፦ 2000፣ 1900፣ 2024 እና 2023 አራቱንም ያዳርሳሉ። በ2024 ብቻ ከፈተሹት የተሳሳተው ቅደም ተከተልም ትክክለኛ መልስ ይሰጣል።