የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት በሠራተኛ ማኅበርና በተቆጣጣሪ መካከል

በቦሌ፣ በገርጂና በአያት መንደሮች የሚመላለስ ሰው ለመኖሪያ በተሠራ ቪላ የተከፈተ መዋዕለ ሕፃናት ሳያይ አያልፍም። በአጥሩ ላይ ፊደልና እንስሳት ተሥለዋል፤ በግቢውም ዥዋዥዌ ተተክሏል። በዚያ ቤት ለምታስተምረው መምህርትና ለሞግዚቷ መብት የሚቆመው ማን እንደ ሆነ ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም። መምህርቷ በዓመቱ አጋማሽ ለጥቂት ብር ብልጫ ወደ ሌላ ቤት ብትዛወር የአራት ዓመቱ ሕፃን የለመደውን ሰው ያጣልና፣ ጉዳዩ የደመወዝ ብቻ ሳይሆን የትምህርትም ጉዳይ ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አይመለከተውም፤ ስለ እርሱ የሚናገረው በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ነው። የግሉ መዋዕለ ሕፃናት መምህርት ግን የምትተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። በቪላው ውስጥ ያሉት ስምንት ቢሆኑስ? ሕጉ ይህንንም አልዘነጋም፤ ከ10 በታች ሠራተኞች ባሏቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች፣ አባሎቻቸው ከ10 ካላነሱ፣ በአንድነት ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ይችላሉ። ስለዚህ በገርጂ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤቶች መምህራን ተባብረው ማኅበር ቢያቆሙ የሚከለክላቸው የለም። ማኅበሩም ከአሠሪዎች ጋር ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ በኅብረት ስምምነት ለመደራደር ይችላል። እንዲሁም አዋጁ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የፈቃድ ቀን ከነደመወዙ ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ከባለቤቱ ጋር በየቀኑ ፊት ለፊት የምትገናኝ አንዲት ሴት ይህን ሁሉ ብቻዋን ለመጠየቅ የምትደፍር አይመስለኝም።

ተቆጣጣሪው የከተማው የትምህርት ባለሥልጣን ነው። ክፍሉን፣ መጸዳጃውን፣ የመጫወቻውን ስፋትና የመምህርቷን የምስክር ወረቀት ይመረምራል። በኢንስፔክሽንም ትምህርት ቤቶች ከ1 እስከ 4 በደረጃ ይመደባሉ። ወረቀቷን ያያል፤ ደመወዟን ማስከበር ግን ሥራው አይደለም። የሥራ ውልን የሚመለከተው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው።

ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙት የትምህርት ክፍያ ሲጨመር ነው። ባለሥልጣኑ ትምህርት ቤቱ ከወላጆች ጋር እንዲመካከር ያዛል፤ ባለቤቱም የቤት ኪራይና የመምህራን ደመወዝ ከበደኝ ይላል። ወላጅ ይከራከራል፣ ባለቤት ይመልሳል፣ ተቆጣጣሪው ያዳምጣል። ከጭማሪው ምን ያህሉ ለደመወዝ እንደሚውል የሚጠይቅ የመምህራን ወኪል ግን፣ ማኅበር እስካልተቋቋመ ድረስ፣ በስብሰባው ላይ ወንበር የለውም።