ስለ ኮምፒዩተር መዝገብ ግልባጭ

በጭሮ፥ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፥ በገለምሶም ሆነ በሒርና፥ የቡናና የጫት ሒሳቡን፥ የይዞታ ወረቀቱንም በቤት ኮምፒዩተር የሚያኖር ሰው ግልባጭ ከሌለው፥ ዲስኩ በተበላሸ ቀን ሁሉን ያጣል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ያህል የሰውን መዝገብ ቆልፎ ገንዘብ በጠየቀ ጊዜ፥ ደኅና ግልባጭ የነበረው ሥራውን መልሶ ለማግኘት ችሏል።

ሥርዓቱም ይህ ነው፤ ሦስት ቅጂ፥ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ፥ አንዱም ከቤት ውጭ ይሁን። የጭሮ ሰው አንዱን ዲስክ ነቅሎ በሒርና ከዘመድ ዘንድ ቢያኖረው፥ እሳትም ሌባም ቫይረስም አይደርስበትም።

ፕሮግራም ሲመረጥ ባለቤቱ ሳያዘው በሰዓቱ የሚገለብጥ፥ የቀድሞውን ጽሑፍ ከአዲሱ ለይቶ የሚያቆይ፥ መገልበጥ ባልቻለም ጊዜ የሚያስታውቅ ይሁን። የዊንዶውስ ፋይል ሂስትሪና የማክ ታይም ማሺን ከኮምፒዩተሩ ጋራ ስለሚገኙ ሌላ ፕሮግራም መግዛት ግድ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መፈተን ነው። ከፍቶ ያላየውን ጎተራ ነቀዝ ይብላው አይብላው ባለቤቱ አያውቅም፤ ያልተፈተነ ግልባጭም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በየወሩ አንድ ጽሑፍ ከግልባጩ አውጥቶ ማንበብ ይገባል። የየወረዳው ሹማምንትም ይህን በቤታቸው ፈጽመው ለሕዝቡ ቢያሳዩ፥ ብዙ ሰው ከጥፋት ይድናል።