ምንም የማያውቀው መልእክተኛ

ለዊንዶውስ የተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ማክ ላይ አይከፈትም። ለሊኑክስ የተጻፈውም ዊንዶውስ ላይ እንዳለ አይነሣም። ሦስቱ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች መስኮት የሚከፍቱበት፣ ፊደል የሚስሉበትና ፋይል የሚያስቀምጡበት መንገድ ለየቅል ነው። ይህም ሆኖ ማክ ይዞ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ቢሮ የተወውን የዊንዶውስ ኮምፒውተር ስክሪን ፊቱ ዘርግቶ፣ ያንኑ የሒሳብ ፕሮግራም ከፍቶ ሲሠራበት ሊውል ይችላል። ፕሮግራሙ የሚሠራው እዚያው ቢሮ ነው፤ ቤት ድረስ የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው።

ይህን ካስቻሉት ዘዴዎች በቀላልነቱ የሚለየው ቪኤንሲ ይባላል። የማይግባቡ ሲስተሞችን ሊያገናኝ የቻለው የሁሉንም ቋንቋ ስለተማረ አይደለም። የአንዳቸውንም ስለማያውቅ ነው።

ከባጅ እስከ ዴስክቶፕ

ታሪኩ የሚጀምረው እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ከተማ፣ በጽሕፈት መኪና የሚታወቀው የጣሊያኑ ኦሊቬቲ ኩባንያ ካቋቋመው የምርምር ቤተ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዚያ ቤተ ሙከራ ሠራተኞች ልብሳቸው ላይ ትንሽ ባጅ ይሰኩ ነበር። ባጁ በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ምልክት ይለቅቃል፤ በየክፍሉ የተገጠሙ መቀበያዎችም ምልክቱን እያነበቡ ማን የት እንዳለ ያሳውቃሉ። ተመራማሪዎቹ በዚህ ላይ ተመሥርተው ባለቤቱን የሚከተል ዴስክቶፕ ሠሩ። ከክፍሉ ወጥቶ ሌላ ክፍል የገባ ሰው የጀመረውን ሥራ አጠገቡ ባለው ስክሪን ላይ ማስመጣት ይችል ነበር።

ይህ ሁሉ ግን የታሰረው ኤክስ ዊንዶው ከሚባለው ሲስተም ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካው ኤምአይቲ የተጀመረው ኤክስ ዊንዶው ከጥንስሱ በኔትወርክ ላይ እንዲሠራ የታሰበ ነበር። ፕሮግራሙ አንዱ ማሽን ላይ ሆኖ «እዚህ መስመር አስምር፣ እዚያ ይህን ጽሑፍ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ይልካል፤ ሥዕሉን የሚሠራው ተጠቃሚው ፊት ያለው ማሽን ነው። ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ ከሥዕል ስለሚያንስ መንገዱ ቆጣቢ ነው። ዳሩ ግን ተቀባዩ እያንዳንዱን ትእዛዝ የሚረዳ፣ ኤክስ ዊንዶው የተጫነበት ማሽን መሆን አለበት።

በዚሁ ቤተ ሙከራ ቪድዮታይል የሚባል መሣሪያም ተሞክሯል፤ ጠፍጣፋ ስክሪን፣ ብዕርና ፈጣን የኔትወርክ መስመር ያለው ነው። ሌላ ቦታ የተዘጋጀውን ምስል ተቀብሎ ያሳያል፣ የብዕሩን እንቅስቃሴ መልሶ ይልካል፤ ከዚህ የዘለለ ሥራ አይጠበቅበትም። ቪኤንሲ የዚህ መሣሪያ የሶፍትዌር ወራሽ ነው። ትሪስታን ሪቻርድሰን፣ ክዌንቲን ስታፎርድ-ፍሬዘር፣ ኬኔት ዉድና አንዲ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1998 አሠራሩን በጽሑፍ አሳወቁ፤ ሶፍትዌሩም ከነምንጭ ኮዱ በነጻ ተለቀቀ። ቤተ ሙከራው በኋላ በአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ እጅ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ተዘጋ። ኮዱ ግን አስቀድሞ በብዙ ሰው እጅ ስለነበር ታይትቪኤንሲንና አልትራቪኤንሲን የመሳሰሉ ልጆች ወለደ።

አራት ማዕዘን ብቻ

የቪኤንሲ ፕሮቶኮል ፍሬ ነገሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በዚህ ቦታ ላይ ይህን በፒክስል (የስክሪን ምስል በሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) የተሞላ አራት ማዕዘን አስቀምጥ»። ተመልካቹ ማሽን አራት ማዕዘኑ ውስጥ ያለው የጽሑፍ ሰነድ ይሁን ፎቶ፣ የዊንዶውስ አዝራር ይሁን የሊኑክስ ምናሌ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደው ከዚህም ያነሰ ነው። አንድ ቁልፍ መጫን 8 ባይት፣ አንድ የማውስ እንቅስቃሴ 6 ባይት ብቻ ይወስዳል። ስክሪን ያለው ማሽን ሁሉ ፒክስል አለውና ተመልካቹን ሶፍትዌር ለየትኛውም ማሽን መጻፍ ቀላል ሆነ።

ከዚህ ቀላልነት ሌላ ጥቅም ተገኘ። ተመልካቹ ምንም ነገር በራሱ ዘንድ ስለማያስቀምጥ መስመሩ ቢቋረጥ የሚጠፋ ሥራ የለም። ከሌላ ላፕቶፕ፣ ከስልክም ቢሆን ተመልሶ የገባ ሰው ያላለቀውን ዓረፍተ ነገር ከተወበት ይቀጥላል።

ዋጋው የሚከፈለው በመስመሩ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ፒክስሎች አሉት። እያንዳንዱ 4 ባይት ቢይዝ አንድ ሙሉ ምስል ከ8 ሚሊዮን ባይት ያልፋል፤ በሰከንድ 30 ጊዜ ይላክ ቢባል ወደ 250 ሚሊዮን ባይት ይደርሳል። ይህን የሚሸከም የቤት ኢንተርኔት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የሚላከው የተለወጠው ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ተጨምቆ። አንድ መስኮት ከቦታ ቦታ ሲጎተት ደግሞ «ከዚያ ያለውን ወደዚህ ቅዳ» ማለት ስለሚበቃ ፒክስሉን እንደገና መላክ አያስፈልግም። መስመሩ ደካማ ከሆነ ቀለሙን ወደ 256 ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ለአንድ ፒክስል 1 ባይት ይበቃዋል።

ከሁሉ ብልሃተኛው ደንብ ግን ተመልካቹ ሳይጠይቅ አዲስ ምስል አለመላኩ ነው። ፈጣን መስመር ያለው ቶሎ ቶሎ ይጠይቃል፣ የዘገየው አልፎ አልፎ። በመካከሉ የተለዋወጠው ሁሉ ይታለፍና የመጨረሻው መልክ ብቻ ይመጣል። መስመሩ ሲደክም ስክሪኑ የሚንቀረፈፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያረጀ ምስል ግን ተከማችቶ ወረፋ አይዝም።

ብዙ የሚያውቀው ተፎካካሪ

ማይክሮሶፍት በዚያው በ1998 የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። በዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨር ያወጣው አርዲፒ ስለ ዊንዶውስ ብዙ ያውቃል። ፊደላትንና ምስሎችን ተቀባዩ ዘንድ እያስቀመጠ ደጋግሞ ይጠቀምባቸዋል፤ ድምፅ ያሻግራል፤ ቢሮ ያለ ፕሮግራም ቤት ባለ ፕሪንተር እንዲያትም ያደርጋል። በዚህ ምክንያት በዊንዶውስ ላይ ከሩቅ ለመሥራት ከቪኤንሲ ይልቅ ቀልጣፋ ሆኖ ይገኛል። ፍሪአርዲፒ የሊኑክስ ተጠቃሚ ወደ ዊንዶውስ እንዲገባ፣ ኤክስአርዲፒ ደግሞ ሊኑክስ ራሱ በአርዲፒ እንግዳ እንዲቀበል ያስችላሉ። የዊንዶውስ ሆም እትም ግን በአርዲፒ ወደ ሌላ ይገባል እንጂ ሌላውን አያስገባም፤ ለማስገባት የፕሮ እትም ያስፈልጋል።

የአጠቃቀማቸው ልዩነት ከፍጥነትም በላይ ነው። ተራ የዊንዶውስ ኮምፒውተር በአርዲፒ ሲገባበት እዚያው ያለው ስክሪን ይቆለፋል፤ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይህ መልካም ነው። ዊንዶውስና ማክ ላይ ያለ ቪኤንሲ ግን እዚያ የተቀመጠው ሰው የሚያየውን ያንኑ ስክሪን ያሳያል። ዋሽንግተን ያለች ልጅ አዲስ አበባ ላሉት አባቷ ፋይሉ የትኛው ፎልደር ውስጥ እንደገባ ማውሱን እያንቀሳቀሰች ልታሳያቸው ስትፈልግ የሚያስፈልጋት ይህኛው ዓይነት ነው።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ። አርዲፒ በተለመደው አሠራሩ የሚልከው የተነካውን ቁልፍ ቦታ ነው፤ ቁልፉ «ሰ» ይሁን «ኤስ» የሚወስነው ሩቅ ያለው ማሽን ነው። ስለዚህ የአማርኛ መጻፊያው መጫን ያለበት እዚያ ነው። ቪኤንሲ የሚልከው የቁልፉን ትርጉም፣ ማለትም የትኛው ፊደል እንደሆነ ነው። የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ሊላኩ ይችላሉ፤ ተቀባዩ ሶፍትዌር ቁጥሩን ካልተረዳ ግን ፊደሉ መንገድ ላይ ይቀራል። በሁለቱም ዘንድ አስተማማኙ መፍትሔ አንድ ነው፦ የአማርኛ መጻፊያውን ሩቅ ማሽን ላይ ጭኖ፣ እጅ ላይ ያለውን ኪቦርድ እንግሊዝኛ ላይ ማቆየት።

በሩን ማን ይጠብቃል?

አለማወቅ በደኅንነት ረገድ ዋጋ ያስከፍላል። በመጀመሪያው የቪኤንሲ አሠራር ከይለፍ ቃሉ ውስጥ የሚቆጠሩት የመጀመሪያዎቹ 8 ምልክቶች ብቻ ናቸው። ከገቡ በኋላ የሚመላለሰው ሁሉ ደግሞ ያልተመሰጠረ ነው። ብዙ የማወቅ ጎዳናም ከአደጋ አያድንም። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ብሉኪፕ የተባለ ክፍተት በአሮጌ ዊንዶውሶች አርዲፒ ላይ ሲገኝ፣ ማይክሮሶፍት ድጋፍ ካቆመለት አምስት ዓመት ላለፈው ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ ለመልቀቅ ተገድዷል።

ስለዚህ የቪኤንሲን 5900ም ሆነ የአርዲፒን 3389 ፖርት (የኔትወርክ በር) በቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈት አይገባም። ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንድ ውስጥ በተወለደው ኤስኤስኤች ወይም በቪፒኤን የተመሰጠረ መስመር ይዘረጉና ቪኤንሲን በውስጡ ያሳልፉታል።

የቤት ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ከራውተር ጀርባ ስለሆነ ከውጭ በቀጥታ አይደረስበትም። ቲምቪዩወርና ኤኒዴስክ የመሳሰሉ አገልግሎቶች የተስፋፉት ይህን ስለሚያቃልሉ ነው። ሁለቱም ወገኖች ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይደውላሉ፣ እዚያ ይገናኛሉ፤ ሰዎቹ የሚለዋወጡት አንድ ቁጥርና ፈቃድ ብቻ ነው። ይህ ምቾት ለአጭበርባሪዎችም ተመችቷል። «ከባንክ ነው፣ ኮምፒውተርዎ ቫይረስ ይዞታል» ብሎ ደውሎ ቁጥሩን የሚጠይቅ ሰው ምንም የረቀቀ ነገር አይሰብርም፤ ባለቤቱ ራሱ በሩን ይከፍትለታል። ራስዎ ፈልገው ላልጠሩት ሰው ቁጥሩን አይስጡ።

ምርጫው እንግዲህ በሥራው ይወሰናል። ወደ ዊንዶውስ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ አርዲፒ ይሻላል። ቤተሰብን ከሩቅ ለመርዳት አገናኝ ሰርቨር ያላቸው አገልግሎቶች ይቀላሉ። ማሽኖቹ ዓይነታቸው ከበዛና በአንድ ኔትወርክ ላይ ካሉ፣ ወይም መስመሩን በቪፒኤን መዝጋት ከተቻለ ቪኤንሲ ይበቃል። ማክ ውስጥ አብሮ የሚመጣው የስክሪን ማጋሪያ ራሱ በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ቪኤንሲ በታወቀበት ዓመት የወጣው ዊንዶውስ 98 ዛሬ የለም። ፕሮቶኮሉ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ሰነድ ታትሞ አሁንም ያገለግላል። እንዲያውም ኪዩኢሙ የተባለው ሶፍትዌር የሚፈጥራቸው ምናባዊ ኮምፒውተሮች ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳይጫንባቸው በፊት ስክሪናቸውን በቪኤንሲ ማሳየት ይችላሉ። አርዲፒ የሚያናግረው ሲስተም ገና በሌለበት ሰዓት ቪኤንሲ ሥራውን ጀምሯል፤ የሚጠብቀው ፒክስል ብቻ ነውና።